ስህተቱም ተቀዳ

ፍሬሕይወት ልጄ፣ እመቤቴ ከዚያ አገር በረዶ እግርሽን ትጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የኦልድ ካምፓላን ዳገት ጉልበቴ ለምዶታል። ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ምግባቸውን አልወድም ይል የነበረው አባትሽ አሁን ሁለቴ ያስጨምራል።

በኢንተርኔት ያዘዝሽልኝ ነጠላ ደረሰ። ዕቃ አድራሹ ባለሞተር ሱቄን ዝግ ቢያገኘው ለጎረቤታችን ለሸማኔው ለጋሽ አንጁሎ ሰጥቶልኝ ሄደ። ፌስታሉ ተቀዶ ስለነበር ጥለቱን አዩት፤ ለክርስትናሽ ቀን ለእኔ የሠሩልኝ ጥለት ነው። ያኔ ሲሸምኑ የመወለድሽን እልልታ ሰምተው ቆጠራው ጠፋባቸውና ቀዩ ክር በአረንጓዴው ቦታ ገባ። እሳቸው በደስታ አንዴ የሳቱትን ማሽኑ በየስንዝሩ አትሞታል።

«ለድርጅቱ ፎቶውን ብቻ ላክሁላቸው፣ በሦስት ቀን ሠሩት፤ ጋሽ አንጁሎን ሁለት ወር ማን ይጠብቃል» ብለሽ በስልክ ስትስቂ «ደንበኛ መጣብኝ» ብዬ ዘጋሁት። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ያንን የጥለቱን ፎቶ «ለማስታወሻ» ስትዪኝ አንስቼ የላክሁልሽ እኔ ነበርኩ። በገዛ እጄ ጋሽ አንጁሎን አሳልፌ ሰጠኋቸው። አሁን ጥለታቸው አንቺ ባዘዝሽበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለፈለገ ሁሉ ይሸጣል።

ጋሽ አንጁሎ አልተቆጡም። ነጠላውን አጣጥፈው ሰጡኝና «ስህተቴን እንኳ አልተዉልኝም» አሉ።

አልለበስኩትም። ለፋሲካ አሮጌውን አጥቤያለሁ።

እባክሽ ልጄ፣ ፎቶውን ከዚያ ገጽ አስወርጂልኝ፤ ለእሳቸውም ራስሽ ደውዪላቸው። እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ፊት ሞገስ ይስጥሽ። በጋሽ አንጁሎ ፊት የነበረሽን ግን እኔ ልለምንልሽ አልችልም።

እናትሽ ቆንጂት