የሚይዝ መሬት

ጅማ፣ ሐምሌ ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ወዳጄ ደረሰ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነትና በጭቃ ደኅና ነኝ።

መንገድ ላይ አይሮፕላናችን በዝናብ አንድ የሣር ሜዳ ላይ አረፈና ይንሸራተት ጀመር። ሜዳው አለቀ፣ እሱ ግን አልቆመም። ወዲያ ማዶ ገደል ይታየኛል። ከገደሉ በፊት አዲስ የታረሰ ማሳ ነበርና እዚያ ገብቶ ጎማው ሰመጠ፤ ቆምን። ነጂው ላቡን እየጠረገ፣ «ፍሬኑስ ይዞ ነበር፤ መሬቱ ነው አልይዝ ያለው» አለን።

የማሳው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ እየሮጡ መጡ። ትልማቸው ተደፍጥጧልና ይቆጡናል ብዬ ስጠብቅ፣ እያንዳንዳችንን ዳሰሱን። «እኔ ያረስኩት ለጤፍ ነበር፤ ለካ ለእናንተ ኖሯል» አሉ።

ወረታ ሳለሁ ያን ጫማ ነክሶ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ ክረምት በመጣ ቁጥር እንዴት እንደማማርረው ታውቃለህ። ለካ የሚይዝ መሬት ቀላል ነገር አይደለም።

እንደ ሜዳው ይህ የምጽፍበት ፖስት ካርድም አለቀብኝ። እናትህን እሜቴ ገላነሽን እጅ ንሳልኝ። ቁሐር ሚካኤልን ልትሳለም ስትወርድ ጭቃው እግርህን ቢይዘው፣ ስለ እኔ ብለህ አትርገመው።

አንለይ