ሲም ካርዱ በማን ስም ነው?

ይድረስ ለምትናፍቀን ወንድሜ፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ደኅና ነን። አንተስ እንዴት ሰንብተሃል?

በወረቀት መጻፌ አይግረምህ፤ የስልኩ ዳታ ከተዘጋ ወር አለፈው። ድሮ ድምፅህን ለመስማት ኔትወርክ ፍለጋ ጋራ እንወጣ ነበር። ኋላ ፎቶህ እቤታችን ድረስ መጣ፤ አምና ደግሞ ስትስቅ በቪዲዮ አየንህ። ይኸው ተመልሰን እስክሪብቶ ጨበጥን።

አባባ በአጎታችን ልቅሶ ላይ የፎከሩትን ቀርጬ በፌስቡክ ስልክልህ አንተ ብቻ የምታየው መስሎኝ ነበር። ለካ አገር ሁሉ አይቶታል፤ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ሳይቀር "ጎሽ!" ተባሉ። ምነው የመጨረሻዋን ስንኝ ባስቀረኋት!

ማክሰኞ ሁለት እንግዶች መጥተው ነበር። ፉከራውን ወደውት መሰለኝ፣ ሦስቴ አስደገሟቸው። ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ ሲጠይቁኝ አላውቅም አልኋቸው። አንተ በመታወቂያህ አውጥተህ እንደሰጠኸን ትዝ ይልህ ይሆን? አባባ ከዚያ ወዲህ ከደጅ አይወጡም፤ "ብርድ ነው" ይላሉ።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ተወው፤ ብርዱ ዘንድሮ ክፉ ነው። እማዬም ለአንተ ብላ ያሰረችውን ሙክት ፈትታ ወደ መንጋው መልሳዋለች።

ሁሉም ሰላም ብለውሃል። መልስህን ይህን ባደረሰልህ ሾፌር እጅ ላከው። ስምህን አትጻፍበት፤ ጽሕፈትህን እናውቀዋለን።

እኅትህ