ያልሰማሁት ደወል

ሰኞ

ደግሞ ሞትኩ። ሦስተኛው ወለል ላይ፣ ያው ከግድግዳ ውስጥ የሚወጣው አውሬ በላኝ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ከፈትኩት። ሌላ የምሠራው የለኝም።

ጨዋታውን የሰጠኝ ተስፋሁን ነው። ቀይ አፈር ከተማ ትምህርት ቤት አብረን ነው የምናስተምረው፤ እሱ አይሲቲ፣ እኔ ባዮሎጂ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞሻል ተብዬ ጂንካ እናቴ ጋ ስመጣ ላፕቶፑን ከነጨዋታው አስያዘኝ። “ፊልም ይበቃኛል” ብለው “ፊልም ያስተኛሻል፣ ይሄ አያስተኛሽም” አለ።

ነገሩ ቀላል ነው። ፋኖስ የያዘች ሴት ጉድጓድ ትወርዳለች። ከበሮ ይመታል። መራመድ የሚቻለው ምቱ ላይ ብቻ ነው። ምቱን ከሳትኩ ፋኖሷ ይደበዝዛል። አውሬዎቹም የሚንቀሳቀሱት በምቱ ነው። ከሞትኩ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ፣ ጉድጓዱም መንገዱን ቀይሮ ይጠብቀኛል።

ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ መርፌዬን ተወጋሁ። ሲስተር ሰናይት እንደ ወትሮው “ምን ይሰማሻል?” አለችኝ። “ምንም” አልኳት። እውነቴን ነው። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም። እማዬ ምሳዬን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ ተቀመጠች። በላሁ። ሳህኑን መለስኩ።

ማክሰኞ

ተስፋሁን ደወለ። ጨዋታው መምህራኑን ሁሉ ለክፏቸዋል። የሒሳቡ መምህር ምሳ እየተወ ይጫወታል አሉ። የስፖርቱ ግን “ይሄ ቅጣት እንጂ ጨዋታ ነው እንዴ!” ብሎ ኪቦርዱን በቡጢ መትቶታል። ነገ ተመልሶ ይመጣል ይላል ተስፋሁን፤ ሁሉም እንደዚያ ናቸው፣ ተራግመው ይሄዱና ይመለሳሉ።

“አንቺስ? አምስተኛው ወለል ደረስሽ?”

“ሦስተኛው ላይ ነኝ።”

“አሁንም?” አለ። መጀመሪያ ሰሞን ውጤታችንን በስልክ ስናወዳድር ሁሉንም የማሸንፋቸው እኔ ነበርኩ። ከልጅነቴ ኳየር ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ምት መጠበቅ አያስቸግረኝም።

“ሰውነቴ ደክሞ ነው” አልኩት።

“ደወሉን ስትሰሚ ባለሽበት ቁሚ። አውሬው ወጥቶ ያልፍሻል።”

“የምን ደወል?”

“ቀጭኗ ደወል ናታ! አውሬው ሊወጣ ሲል ቅጭል የምትለው። አስቴር? ሃሎ?”

“ኔትወርኩ ተቆራረጠ” ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ረቡዕ

መጀመሪያ ስፒከሩን ጠረጠርኩ። በኢርፎን ሞከርኩ። ከበሮው አለ፣ ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። ደወል የሚባል ነገር ግን የለም።

እማዬን መስኮቱ ጋ ጠራኋት። ከፍ አድርጌ ከፈትኩላት።

“የሚሰማሽን ንገሪኝ።”

“ከበሮ ነው። ደግሞ ቃጭል አለው፣ ፍየል አንገት ላይ እንደሚታሰረው።”

“አሁንም አለ?”

“ይኸው አሁንም! ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?”

“አልተበላሸም” አልኳት።

ከሄደች በኋላ አሰብኩ። ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ከርሟል። የጎረቤት ወፍጮ ነው ብዬ ነበር። ግን ወፍጮው እሑድ አይሠራም። ወፎቹም ጠዋት ጠዋት ዝም ካሉ ቆይተዋል፤ ወቅቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ሲስተር ሰናይት መርፌው የተጀመረ ቀን “ጆሮሽ ከጮኸ ቶሎ ንገሪኝ” ብላኝ ነበር። ፈርቼ አይደለም ያልነገርኳት። ግድ አልሰጠኝም።

አሁንም ልደነግጥ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ሐሙስ

“ምን ይሰማሻል?”

“ምንም።”

ተወጋሁና ተመለስኩ። በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ እየተራመድኩ ነገሩን እንደ ሌላ ሰው ወሬ አገላበጥኩት። መርፌው ከቆመ ሳንባዬ ላይድን ይችላል። ከቀጠለ ጆሮዬ ይሄዳል። የመዘመር ነገር ያበቃል። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር የሚጠይቀኝን ተማሪ አልሰማም። ይህን ሁሉ አስቤ ስጨርስ ቤት ደርሼ ነበር።

ተስፋሁን ከገበያ መሀል ደወለ። ድምፁ የሰው ጫጫታ ውስጥ ሟሟብኝ፣ ሁለት ቃል እንኳ አልለየሁም። ዘጋሁት። መልእክት ላከ፦ “ደወሏን አልሰማሻትም አይደል?” 

በዓይን ብቻ ለመጫወት ሞከርኩ። ግድግዳው ከመከፈቱ በፊት አፈር የሚያራግፍ መሰለኝና ጠበቅኩ። ሞትኩ።

ቀና ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ማስኳን ሳታደርግ ቀርታለች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ምን አድርጌሽ ነው?” አለችኝ።

“ምን?”

“ስጠራሽ ዝም፣ ስጠራሽ ዝም። ሰሞኑን ሁሉ። እዚህ ክፍል ለብቻሽ ስላስገባሁሽ ነው? ሐኪሙ እኮ ነው ያለው ልጄ፣ እኔ መች ጠላሁሽ!”

ያን ሁሉ ጊዜ ተቀይማኛለች ብላ ስትብሰለሰል ኖራለች። ይሄ ልክ አይደለም ብዬ አሰብኩ። ማዘን ይሁን ምን አላውቅም፣ ብቻ ልክ አይደለም።

“አልተቀየምኩሽም፣ እማዬ። ስላልሰማሁሽ ነው።”

“እንዴት አልሰማሽኝም? እዚሁ ሆኜ?”

“መርፌው ጆሮዬን እየወሰደው ነው።”

እማዬ ስትደነግጥ ከአማርኛ ይልቅ የአፍ መፍቻዋ አሪኛ ነው የሚቀድማት። የምትለውን ከከንፈሯ አየሁት። የፈጣሪን ስም ነበር የምትጠራው።

ዓርብ

እማዬ ሆስፒታል ተከትላኝ መጣች። ሲስተር ሰናይት መድኃኒቱን በስሪንጅ ስትስብ “ሲስተር፣ ቆይ” አልኳት።

“ምነው?”

“ጆሮዬ ይጮኻል። ቀጫጭን ድምፅ አልሰማም።”

ስሪንጁን አስቀመጠችው። “ከመቼ ጀምሮ?”

“እንጃ። ቆይቷል።”

“በየቀኑ ምን ይሰማሻል ስልሽ ምንም ስትዪኝ አልነበር?”

“ምንም ስለማይሰማኝ ነው።”

የቀለድኩባት መስሏት ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ እማዬን አየች። ከዚያ ወጥታ ዶክተሩን ጠራችው።

ዶክተሩ ከኋላዬ ቆሞ ቃላት እያንሾካሾከ “ድገሚ” ይለኛል። ብዙውን አልደገምኩም። እንዴት እንዳወቅኩ ጠየቀኝ። “በጌም” አልኩት። “በምን?” አለ። ጆሮው ችግር የለበትም፣ ስላላመነኝ ነው። ስለ ከበሮውና ስለ ደወሉ ነገርኩት። አልሳቀም። “ደግ አድርጎልሻል” አለ።

መርፌው ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል። በእሱ ፈንታ የሚዋጥ ክኒን ከአርባ ምንጭ ያስመጣሉ። እዚያ ሄጄ ጆሮዬን በመሣሪያ እንድታይ የሪፈር ወረቀት ጽፎልኛል።

“የሄደው ይመለሳል?” አለችው እማዬ።

“የሄደው ላይመለስ ይችላል፣ እናቴ። የቀረውን ለማትረፍ ነው።”

አንድ ነገር ጨመረ። የአክታዬ ውጤት መጥቷል፣ ንጹሕ ነው፤ ከእንግዲህ ለሰው አላስተላልፍም። እማዬ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች። እኔ መስኮቱ መጋረጃ እንደሌለው እያየሁ ነበር።

ቅዳሜ

መርፌ የለም። ጠዋት የት እንደምሄድ ጠፍቶኝ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

ተስፋሁን በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቀይ አፈር መጣ። ወደ መስኮቱ ሲያመራ “በበሩ ግባ” አልኩት። አላመነም። ማስኩን አስተካክሎ ገባና አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። እያንዳንዱን ቃል እየጮኸ ይናገራል።

“አልደነቆርኩም እኮ” አልኩት።

“ይቅርታ” ብሎ ጮኸ።

ጨዋታውን ለሁለት መጫወት ይቻላል፤ አላውቅም ነበር። እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ በኩል ባሉት ቁልፎች። ደወሏ ስትመታ በክርኑ ሊነካኝ ተስማማን። አንደኛውን ወለል አለፍን። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ክርኑ ነካኝ፣ ቆምኩ። አውሬው ከግድግዳው ወጥቶ በአፍንጫዬ ሥር አለፈ። አራተኛው። አምስተኛው! መውጫው በር ይታያል፣ መንገዱ ክፍት ነው።

ተስፋሁን ጥግ ላይ ሳጥን አየ።

“ተወው” አልኩት።

“አንዴ ብቻ።”

“ተስፋሁን፣ ተወው!”

ሄደ። ምቱን ሳተ፣ የእሱ ፋኖስ ጠፋ፣ አውሬዎቹ ግልብጥ ብለው እኔ ላይ መጡ። ሁለታችንም ሞትን።

ከአልጋው ተነሣሁ። “ምን ዓይነት ሰው ነህ! ተወው አልኩህ እኮ! በሩ ላይ ደርሰን! ለአንድ ባዶ ሳጥን!” ፊቴ ነደደ። የወረወርኩት ትራስ ጭንቅላቱ ላይ አረፈ። እማዬ ከጓሮ እየሮጠች መጣችና በሩ ላይ ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ታያለች።

“ምን ሆናችሁ?”

“በሩ ላይ ደርሰን ነበር!” አልኳት። ይሄን ያህል ተናድጄ አላውቅም። እንባዬ መጣ። ተስፋሁን ትራሱን አቅፎ ወለሉን ያያል። ማስኩ ሥር የሚስቅ ይሁን የሚያዝን አልለየሁም።

እሑድ

አሁንም አልበረደልኝም። ስነቃ መጀመሪያ የመጣብኝ ያ ሳጥን ነው።

ተስፋሁን ወደ ቀይ አፈር ከመሳፈሩ በፊት ብቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። “አላደርግም” አልኩት። “እሺ” ብሎ ሄደ። ከሄደ በኋላ ሳቄ መጣ።

ነገ በጠዋት ከእማዬ ጋር ወደ አርባ ምንጭ ነን። መሣሪያው ምን እንደሚል አላውቅም። የሪፈር ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ከቦርሳዬ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። ፈርቻለሁ መሰለኝ።