ታጥባ አታውቅም

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬ ሦስት የእጅ ሰዓት ጠገንኩ። አንዱ ምንም አልሆነም ነበር፤ ባለቤቱ መሙላት ረስቶ ነው። "ሞተብኝ" እያለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ሞላሁለት። መሥራት ሲጀምር እጄን ሊስም ነበር።

ከዚያ ባለጓንቱ ደወለ። አሮጌ ሳንቲም የሚሸጠው ሰውዬ፤ ነጭ ጓንት ሳያጠልቅ ሻይ እንኳ የማይጠጣው። "ጋሼ፣ ሰባተኛዋ ተገኘች!" ቁጭ አልኩ። "እንዲያውም ሁለት ናቸው።" ተነሳሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፈልጌያታለሁ! የምሰበስበው የአንድ ንጉሥ የብር ሳንቲም ሰባት ዓይነት ነው። ስድስቱ አልበሜ ውስጥ አሉ። ሰባተኛው ኪስ ባዶውን፣ እንደ ወለቀ ጥርስ... አሁን አንዷን መርጬ መውሰድ ነው። እስከ ቅዳሜ ሳምንት ድረስ ይይዝልኛል። የተረፈችውን ጡረተኛው ዳኛ ይወስዳል። ዳኛው! የሰብሳቢዎች ማኅበራችን በተሰበሰበ ቁጥር የራሱን ሳንቲም አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ "ንጹሕ ነው፣ አይደል?" የሚለኝ ሰው። ጥሩዋን ለእሱ ትቼለት ከመጣሁ፣ እስክሞት ሲያሳየኝ ይኖራል።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ሰኞ አብረን ሄደን እናያቸዋለን" አለች። ደንባችን ነው። እኔ በአጉሊ መነጽር ከቅርብ፣ እሷ ክንዷን ዘርግታ ራቅ አድርጋ። ጨርቅ ስትመርጥም እንደዚያው ነው። አንዴ ብቻዬን ሄጄ የገዛሁት... ተወው፣ አላነሳውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቅዳሜ ከተጋባን ሃያ አምስት ዓመት ይሞላናል። ምን ልስጣት? አምና ሽቶ ሰጠሁ፤ ሦስት ቀን አስነጠሳት።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከልቤ የወጣ፣ ማንም ባል አስቦት የማያውቅ። ራሴን አደነቅሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

እጄን በቆረጠው!

ምን ነበር ያሰብኩት? ለእያንዳንዱ ሳንቲም እንደማደርገው ትንሽ የካርቶን መግለጫ ጻፍኩላት። በቆንጆ ጽሕፈት። ምሳ ላይ አቀበልኳት። ታላቅ እህቷ፣ እትዬ፣ ተጋብዘው መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ መነጽሯን አልያዘችም፤ ካርዱን ተቀበሏትና ጮክ ብለው አነበቡላት፦

"ሚስት። ሃያ አምስት ዓመት በአንድ ሰው እጅ። ሁኔታ፦ ጥሩ፤ ጉንጭና ቅንድብ ላይ መጠነኛ መላግ። ጠርዝ፦ ሙሉ፣ ሰፋ ያለ። ታጥባ አታውቅም። ውበት፦ እጅግ ከፍተኛ።"

እትዬ መለስ ብለው እንደገና አነበቡ። "ታጥባ... አታውቅም? እህቴ ናት ታጥባ የማታውቀው?"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ክብር ነው!" አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። አሮጌ ሳንቲም ከታጠበ ዋጋ የለውም፣ ቆዳው ይላጣል፣ የዘመን ቀለሙ ይሄዳል፣ ውሸታም አብረቅራቂ ይሆናል... እያልኩ ማስረዳት። ጭራሽ ምሳሌ ፈለግሁ። ምሳሌ! "ለምሳሌ እርስዎን ብንወስድ፣ እትዬ..." ሴትየዋ ከፀጉር ቤት በቀጥታ ነው የመጡት፤ ፊታቸው ሁሉ እንደ መስታወት ያበራል።

ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ወጡ ሳህኑ ላይ እንዳለ።

ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "ሰፋ ያለ ጠርዝ?"

"ሰብሳቢ ሁሉ የሚመኘው..." ማለት ጀመርኩ። ሊያመሰግን ሄዶ አመድ አፋሽ መሆን ማለት ይሄ ነው።

እሁድ፣ የካቲት 9

አታናግረኝም። የምታናግረው የስፌት መኪናዋን ነው። "ምሳው ምድጃው ላይ ነው" ትላታለች፣ ለመኪናዋ። "ሰው ከፈለገ ራሱ ያሙቅ።" መኪናዋም "ጠክ ጠክ ጠክ" ብላ ትመልሳለች። ከእኔ ይልቅ ይግባባሉ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ብቻዬን ሄድኩ። "እመቤቲቱስ?" አለ ባለጓንቱ። "ራሷን አሟት ነው" አልኩት። ራስ ምታቱ እኔው ነኝ።

ሁለቱን በጥቁር ከፋይ ጨርቅ ላይ ዘረጋልኝ። አንደኛዋ ብርቅርቅ ያለች! የንጉሡን ፀጉር አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፤ ቆጠርኩም። ሁለተኛዋ ጉንጩ ተልጓል፣ ከጆሮው በላይ ፀጉሩ ጠፍቷል። ግን ዳር ዳሯን ሰማያዊ... ወደ መሃል ደግሞ ወርቅማ ነገር... አጉሊው ሲጠጋት ግን የሚታየው ጉድለቷ ብቻ ነው። ልቤ ወዲያና ወዲህ።

ፎቶዎቻቸውን ሰጠኝ። ቤት መጥቼ መታጠቢያ ክፍል መስታወቱ ላይ ለጠፍኳቸው። ጥርሴን እየፋቅሁ አያለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ነጥብ መስጠት ጀመርኩ። ከሁሉም ይሻላል፣ ሳይንስ ነው። አሥራ ሁለት መስመር፦ ጠርዝ፣ ጽሑፍ፣ ጉንጭ፣ ጆሮ፣ ፀጉር፣ ጭረት፣ ቀለም... ደመርኩ። ሃምሳ ስምንት ለሃምሳ ስምንት። ወይ ጣጣ! ለጆሮ አንድ ነጥብ ጨመርኩ፤ ሕሊናዬ ወቀሰኝ፤ መልሼ ቀነስኩ።

አሥራ ሁለተኛውን መስመር ግን አልሞላሁትም። "የእሷ ዓይን" ይላል። ምን ብዬ ልሙላው? ለሁለቱም ባዶውን ተውኩት። ወረቀቱን ከፎቶዎቹ ሥር ለጠፍኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ናፈቀችኝ። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን። የተልባ እግር ጨርቅና የጥጥ ጨርቅ ሳንቲም ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ማንን ልጠይቅ? ማን "ዝም በልና ብላ" ይለኛል?

ዓርብ፣ የካቲት 14

ለመኪናዋ "ነገ ዝናብ ይመስላል" አለቻት። "አዎ፣ ይመስላል" አልኩ እኔ። ሁለቱም ዝም አሉኝ።

ነገ ነው። አብረቅራቂዋን እወስዳለሁ። ፀጉሩ ይቆጠራላ። የሚቆጠር ነገር አያሳስትም... ወይስ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ስደርስ ዳኛው ቀድሞኝ ተቀምጧል። እግሩን አነባብሮ። "አይቸኩሉ፣ እኔ የተረፈውን ነው የምወስደው" አለኝ። አጉሊዬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። አብረቅራቂዋን ነካሁ። "እንግዲህ እኔ..."

በሩ ተከፈተ። እሷ! ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ከሥራ ተነስታ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"አሥራ ሁለተኛው ሳይሞላ እንዴት ነው የምትገዛው?"

መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ላይ አይታው... ለካ ጠዋት ጠዋት እሷም ጥርሷን ስትፍቅ ያንን ወረቀት ታነብ ኖሯል!

"ያንን ነገር ከዓይንህ ላይ አውልቅ። ሂድ፣ በሩ ጋ ቁም።" ሄድኩ። ቆምኩ። ሁለቱን በየእጇ ይዛ ክንዷን ዘረጋች። "እዚያ ሆነህ የቱ ንጉሥ ነው የሚያይህ?"

አየሁ። አብረቅራቂዋ እንደ ታጠበ ድስት ክዳን ከዳር እስከ ዳር እኩል ታበራለች፤ ንጉሡ የለም፣ ብርሃን ብቻ። ጉንጩ የተላገው ግን... ከዚያ ከሰማያዊው ውስጥ ቀና ብሎ አየኝ። እውነቴን ነው።

"እሱ" አልኩ።

አብረቅራቂዋን ወደ መስኮቱ አዘነበለቻት። "አሁን አጉሊህን ይዘህ ና። ጭረቶቹን እይ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ሐርን በደረቅ ጨርቅ ስታሸው እንደዚህ ነው የሚሆነው።" አየሁ። ፀጉር ስቆጥር በፀጉሩ መሃል ያለውን አላየሁም። ባለጓንቱን ቀና ብላ አየችው። "ይቺ ታጥባለች።"

"እኔ አላጠብኳትም፣ እመቤቴ! ስትመጣም እንዲሁ ነበረች!" ጓንቱን አወለቀ። የሰውዬውን ጣት ገና ዛሬ አየሁ።

ዳኛው ሳንቲሟን ብድግ አደረጋት። እንዳይሳሳት ብዬ "ጌታዬ፣ ታጥባለች እኮ" አልኩት። ሳቀብኝ። "ቅናት ነው! ንጹሕ ናት!" ብሎ ገዛት። እንግዲህ ነግሬዋለሁ።

ጉንጩ የተላገውን ከፍለን ይዘን፣ እኔና እሷ መንገድ ላይ ወጣን። ሄድን ሄድን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው። ግድግዳ ተደግፋ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ።

"ታጥባ አታውቅም!" ትላለች። "በእህቴ ፊት!"

"ይቅርታ" አልኩ። "ማለት የፈለግሁት..."

"ገብቶኛል። ዛሬ ገባኝ። ዝም በልና ያዘኝ።" ክንዷን ያዝኳት።

እሁድ፣ የካቲት 16

አልበሙ ሞላ። ሰባተኛዋን ላስገባት ኪሱን ስከፍት የካርቶን ቁራጭ ገብቶበት አገኘሁ። የእሷ ጽሕፈት፦

"ባል። ሁኔታ፦ አናቱ ሙሉ በሙሉ የተላገ። ጠርዝ፦ ወገቡ አካባቢ ከእኔ ይሰፋል። ጭረት፦ ብዙ፤ አብዛኛው ምላሱ ያመጣበት። ታጥቧል፣ በግድ። ውበት፦ በሩ ጋ ሲቆም ደህና ነው። አይሸጥም።"

ያለ አጉሊ መነጽር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሳንቲሟን ኪስ ለካርዱ ተውኩለት፤ ንጉሡ ለጊዜው ክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥጥ ላይ ተኝቷል።

ለእትዬም ይቅርታ መጠየቅ አለ። "ካርድ ልጻፍላቸው?" አልኳት።

"እንዳትሞክረው!"

ከጠዋት ጀምሮ ስታወራኝ ዋለች፤ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ክር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጠርዜ። የስፌት መኪናዋ ጥጓ ላይ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ዛሬ የሚያናግራት አላገኘችም።