የለሊሴ ደቦ

ሰኞ፣ ግንቦት 11፣ ጠዋት

ዛሬም ውሃ የለም። የታክሲ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ። የሱሉልታ ብርድ በግንቦትም አይለቅ! ደብተሬ፣ የአከራዬን የኦቦ ለሚን ጉዳይ ልንገርሽ፤ ለማንም አልተነፈስኩም (ለሁለት ሰው ብቻ)። ልጃቸውን ለሊሴን ለትዳር የፈለጉ ሰዎች ሽማግሌ ልከውባቸዋል። እናቷ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ቤቱ በልጅቷ ጫንቃ ላይ ነው፤ ላሙ፣ ውሃው፣ እበቱ። አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወደቀችው በዚሁ። ዘንድሮም ከወደቀች እድራታለሁ ብለዋል አባትየው። ክፉ ሰው እኮ አይደሉም። ትምህርት ትምህርት ስትል ዕድሜዋ ያልፍባታል ነው የሚሉት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13፣ ከሥራ መልስ

ጉድ! የሰፈሩ ሴቶች ግቢያችንን ሞልተውታል። መሪያቸው ጎረቤታችን አዴ ዳሜ፣ ባልቴቷ። ደቦ ጠርተናል አሉ። ለአጨዳ አይደለም፤ ለለሊሴ ጥናት! ፈተናው እስኪያልፍ ሥራዋን ተራ በተራ ሊሠሩላት። ኦቦ ለሚ ሳቁ። ለንባብ ደቦ የት አገር ታየ?

«ለሚ፣ ገብስህ ሲደርስ ብቻህን ታጭዳለህ?» አሉ አዴ ዳሜ። «የልጅቷም ደርሷል።»

እሳቸውም፣ ደቦ ይበላል ይጠጣል፣ ማን ሊያበላችሁ ነው? አሉ።

«ስታልፍ አንተ!»

እልልታ። እኔ ጀሪካኔን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አብዛኞቹ የት/ቤት ደጅ አልረገጡም። ቀምሰውት የማያውቁትን እህል ሊያጭዱ!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ ማለዳ

አላመንኩም ነበር። በመስኮት አያለሁ። አንዷ ታልባለች፣ አንዷ ውሃ ትቀዳለች፣ አዴ ዳሜ በዚያ ዕድሜያቸው በረት ይጠርጋሉ። ለሊሴ ጋቢ ደርባ ደጃፍ ላይ ባዮሎጂ ጮክ ብላ ታነባለች። ስለ ላም ጨጓራ! ላሚቱ ፊት ለፊቷ ታመሰኳለች። በኦሮምኛ ስታስረዳቸው አላቢዋ፣ «ይሄንንም ይፈትኗችኋል?» ብላ በሳቅ ወተቱን ልትደፋው።

ለመጽሔታችን የምጽፈው የሳምንቱ ዓምዴ ተገኘ! ርዕሱንም አውጥቻለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ለአዴ ዳሜ ነገርኳቸው። አልወደዱትም። መጽሔት ላይ ከወጣ፣ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ለሚን ሴት አዘዘችው ብለው ይሳለቁበታል፤ እልህ ይይዘውና ደቦው ይፈርሳል አሉ።

«ወሬሽን እዚያው ያዢው፣ ልጄ። እጅሽን አምጪ።»

አፈርኩም፣ ሳቅኩም። ደብተሬ፣ አልጽፍም። ላንቺ ብቻ። የመጽሔቱ አዘጋጅ በምትኩ እዚህ ሱሉልታ የሚለማመዱ የሁለት ሯጮችን ፍቅር ይውሰድ (እሱም ወሬ አለው!)። ነገ የበረት ተራ የኔ ነው። ቦቲ ጫማ ተውሼያለሁ። ማለብ አላውቅም። እበት ግን እዝቃለሁ።