ደጃፍ ላይ የጠፋው ችቦ

ይድረስ ጁባ ላለኸው ልጄ ለምናለ። ከናፍቆትህ በቀር እኔም አባትህም መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና አለን። ስልኩ አልሠራ ቢለን ይህን በሰው እጅ ላክሁልህ።

ዘንድሮ ሰሊጡን ዝናብ በላው፤ የዘሩን ያህል እንኳ አልሰጠን። «የቤቱ የእሳት ኢንሹራንስ ታደሰ ወይ?» ላልኸኝ፣ እሱን ተወውና አንተ ብቻ ጤና ሁን። ገንዳ ውሃ ከተማ የሠራህልን ቤት እንዳማረበት ነው። ምድጃዬን ግን ከኒሙ ዛፍ ሥር አውጥቼዋለሁ፤ ውጭው ነፋሻ ነው። መብራት ሲጠፋም ሻማ አናበራም፤ ጨለማውን ለምደነዋል። ሰው ገለባ ካቃጠለ አባትህ ባልዲ ውሃ ይዞ አጥሩ ሥር ይቆማል። ጎረቤታችን ስርጉት «ጋሼ ውቤ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» ስትለው፣ «ንፋስ እየተቀበልሁ ነው» ይላታል።

ለመስቀል አባትህ እንደ ወጉ የበራውን ችቦ ይዞ ቤቱን ሊዞርበት መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣራውን ቀና ብሎ አየና ችቦውን አፈር ላይ ደፍጥጦ አጠፋው። ጎጆ ከወጣን ጀምሮ ችቦ ቤት ሳያስገባ ቀርቶ አያውቅም ነበር።

በል ልጄ፣ እመቤቴ ጥላ ከለላ ትሁንህ። ስለ ቤትህ እንቅልፍ አትጣ፤ እኛ በየተራ እየነቃን እናየዋለን።

እናትህ ውድነሽ