የአንበሴ ሳንባ

ዮርዳኖስ፣ ካርዱ ላይ ያለውን ፏፏቴ አላየሁትም፤ ትናንት ቡሬ ላይ የውሻ ራጅ ሳይ ዋልኩ። ጋሽ ክንዱ የሚባሉ ገበሬ፣ በቆሏቸውን ከጃርት የሚጠብቅላቸውን ውሻቸውን አንበሴን፣ እግሩን የአጥንት ካንሰር ይዞት፣ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ያምሮት አምጥተውታል። ለማደንዘዣው ሲባል ሳይበላ ይምጣ ብላቸው ነበር። "ምንም አልቀመሰም?" ስትላቸው "በፍልሰታ ማን ይበላል?" አሏት፣ ቅር ብሏቸው።

እኛ ሰፈር ውሻ ሲያነክስ የምንፈልገው ድንጋይ የወረወረውን ነው። እሷ ግን የደረቱን ራጅ መስኮት ላይ ለጥፋ ብዙ አየችው። በሽታው ሳንባው ከገባ እግሩን መቁረጥ ትርፉ ስቃይ ነው።

"ሳንባው ላይ የሚታይ ነገር የለም" አለች በመጨረሻ። "እግሩን ብንቆርጠው በቆሎው እስኪሰበሰብ አብሮዎት የሚቆይ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ላለው ቃል አልገባም።"

"ቁረጪው፣ ልጄ" አሉ። "እስከ ዛሬም ጃርት ያባረረው በአፉ ነው።"

ዛሬ ጠዋት ልጠይቀው ስሄድ በሦስት እግሩ ቆሞ ጮኸብኝ። ጋሽ ክንዱ እንደ ተመረቀ ልጅ አባት ዙሪያቸውን አዩ።

እማማ ዓባይነሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ቦታ ስለጠበበኝ የልጆቹን ሰላምታ በጠርዙ ዙሪያ ጽፌዋለሁ፤ ካርዱን እያዞርሽ አንብቢላቸው።

ይታገሱ